ዘራፍ በልብስ ማጠቢያ ክፍል

ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ላወጣ ምድር ቤት ብወርድ ማድረቂያው ማሽን ላይ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ። «ውድ ጎረቤቶች! ማጣሪያውን ማጽዳት አንርሳ። መልካም ቅዳሜና እሁድ!» ይላል። ከሥሩ ፈገግ ያለች ክብ ፊት ተስላለች። ያናደደችኝ ያቺ ፊት ናት።

«ጎረቤቶች» ይበል እንጂ የተጻፈው ለእኔ ነው። በዚህ ሕንጻ ጋቢ የሚያጥብ ሌላ ሰው የለም። ጋቢ ደግሞ ማድረቂያ ውስጥ ከገባ ማጣሪያው ላይ የሚተወው ባዘቶ ሌላ ነጠላ ያሠራል። ጥፋቴን አልክድም። ግን የጻፈው ሰው በር ከእኔ በር አራት እርምጃ ነው። አንኳኩቶ «ጎረቤት፣ ባዘቶህን አንሳ እንጂ» ቢለኝ ምን ነበረበት?

ማን እንደጻፈው አውቃለሁ። የእጅ ጽሑፉ ደብዳቤ ሳጥኑ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው። ሰውየው በር ሙሉ ነው። ጢሙ ደረቱ ላይ ያርፋል፤ አንገቱ ላይ የቶር፣ የድሮው የሰሜን ሰዎች የነጎድጓድ አምላክ፣ መዶሻ ተንጠልጥሏል። ግድግዳ ስለምንጋራ ማታ ማታ የሚሰማውን እኔም እሰማለሁ። ሜሎዲክ ዴዝ ሜታል ነው፤ ዜማም ማጓራትም ያለበት ከባድ ሮክ። ስለ ቫይኪንጎች፣ ማለት የዛሬ ሺህ ዓመት ገደማ በመርከብ እየመጡ እንግሊዝን ስለወረሩት የስካንዲኔቪያ ሰዎች የሚዘፈነው ዓይነት። መርከብ፣ እሳት፣ መዶሻ፣ ደም። በየምሽቱ እንግሊዝን ሲወርር የሚያመሽ ሰው ስለ ባዘቶ ፊት ለፊት መናገር ፈርቶ ወረቀት ይለጥፋል።

የምንኖረው ቱምባ ነው፤ ከስቶክሆልም በስተደቡብ። ለእናቴ የሰፈሩን ስም የነገርኳት ቀን «ጡሩምባ?» ብላ ስቃብኛለች። ያን ያህል አልተሳሳተችም። ቱምባ የምትታወቀው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ወረቀት ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1755 የስዊድን ገንዘብ የሚታተምበትን ወረቀት የሚሠራ ፋብሪካ የተቋቋመው እዚህ ነው። ሁለተኛው በ1992 እዚሁ የተመሠረተው አሞን አማርት የሚባለው ባንድ ነው። ዛሬ ስዊድን ውስጥ ጥሬ ገንዘብ የሚይዝ ሰው ብርቅ ነው። የብሩ ወረቀት ተረሳ፣ ጩኸቱ ቀጠለ። (ለነገሩ ወረቀቱም አልጠፋም። ማድረቂያ ላይ ይለጠፋል።)

ልጄ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። የጎረቤታችንን ሙዚቃ ባማርር ቁጥር ጠበቃ ሆኖ ይቆማል። «አባዬ፣ አታዳምጠውማ! ጊታሮቹን ስማ» ይለኛል። አንድ ቀን ተሸንፌ ሰማሁ። እውነቱን ነው። ሁለት ጊታር ጎን ለጎን ሆነው አንድ ዜማ ይዘው ይሄዳሉ፤ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ብሎ። ዜማው ደግሞ የሚያሳዝን ነው። ከሥር ከበሮው በሁለት እግር ይጋልባል። ከላይ የአሞን አማርት ዘፋኝ፣ ዮሃን ሄግ የሚባለው ጢማም ያጓራል። ልጄ እንዳስረዳኝ ይህን ድምፅ በደንብ የተማረ ሰው ጉሮሮውን አይጎዳም። ከእውነተኞቹ የድምፅ አውታሮች በላይ ሌሎች እጥፋቶች አሉ፤ የሚያንቀጠቅጡት እነሱን ጭምር ነው። «ሐሰተኛ አውታሮች» ይሏቸዋል። ሐሰተኛ የሚለውን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ስለ ጎረቤቴ የጠረጠርኩት ነገር ተረጋገጠልኝ።

የባንዱ ስም ራሱ ከቫይኪንግ የመጣ እንዳይመስላችሁ። ቶልኪን የተባለው እንግሊዛዊ ደራሲ ከፈጠረው ቋንቋ የተወሰደ የተራራ ስም ነው። እንግሊዝን ስለወረሩ ሰዎች ለመዝፈን ከእንግሊዝ ስም ተበደሩ። እስከ 2022 ድረስ 12 አልበም አውጥተዋል። አሥራ ሁለተኛው የተሰየመው በ865 እንግሊዝን በወረረው ታላቅ የአረማውያን ጦር ነው። አሥራ ሁለት አልበም ሙሉ ቫይኪንግ! የእኛ ዘፋኞች ስለ አንድ ፍቅር ሃምሳ ዘፈን ሲሠሩ ምን ትሉ ነበር?

ከሁሉ የገረመኝ መቅዘፉ ነው። ልጄ ቪዲዮ አሳየኝ። ባንዱ ሲጫወት ሕዝቡ ወለሉ ላይ ተደርድሮ ቁጭ ይላል። ከዚያ ሁሉም በአንድነት ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ ይቀዝፋል። ጀልባ የለም። መቅዘፊያ የለም። ውሃ የለም፤ ካለም የፈሰሰ ቢራ ነው። የጣና ታንኳ ቀዛፊ ይህን ቢያይ «ልጆቼ፣ የት ልትደርሱ ነው?» የሚል ይመስለኛል። እኔ ግን ሁለተኛ ጊዜ ሳየው መሳቄን ተውኩ። ይህ አገር እኮ ባቡር ውስጥ ትከሻህ ከትከሻው ሲነካ ይቅርታ የሚል ሰው አገር ነው። ፋርማሲ ቁጥር ቆርጦ በዝምታ የሚጠብቅ። ሊፍት ውስጥ ጣሪያ ጣሪያ የሚያይ። ያ ሰው ሙሉ ሳምንት የዋጠውን ነገር የሚያወጣበት ቦታ አገኘ። ከማያውቀው ሰው ጀርባ ተቀምጦ፣ ከማያውቀው ሰው ጋር እኩል ይቀዝፋል። ማንም ስሙን አይጠይቀውም።

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም» የሚለውን ተረት በጣም እወደዋለሁ። አባቴ እራት ላይ ይለው ነበር፤ በተለይ እናቴ ስለ ገንዘብ ስታነሳ። ስዊድኖች ይህን ተረት ሳይሰሙት ይኖሩታል። ዝንቡ ግን የሆነ ቀን መግባቱ አይቀርም። በእኛ ዘንድ ለዚያ ቀን ፉከራ ነበረ። ሰውየው ይነሳል፣ «ዘራፍ!» ይላል፣ ይንጎራደዳል፣ የገደለውን ይቆጥራል፣ ይቀመጣል። ማሲንቆው ከሥር ያለቅሳል፣ እሱ ከላይ ያጓራል። ልዩነቱ መብራቱና ድምፅ ማጉያው ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልተናገርኩ እፈነዳለሁ። ባለፈው አንድ ዘመዴ እኛ ቤት መጥቶ፣ የጎረቤቱን ሙዚቃ በግድግዳ ሰምቶ፣ «ይሄማ የሰይጣን ነው፤ ልጅህን ጠብቅ» አለኝ። ይህ ዘመዴ ሠርግ በተጠራ ቁጥር ማይክ ነጥቆ የሚፎክር ነው። ዶሮ ባርኮ አያውቅም። ደም ሲያይ ይዞራል። ግን ስንቱን ጥሎ እንደፎከረ ቢቆጠር አንድ ክፍለ ጦር ያልቃል። የእሱ ደም ባህል ነው፣ የእነሱ ደም ሰይጣን ነው። ደግሞ ሌሎቹ አሉ፤ የእኛን ሽለላ «ኋላ ቀር» ብለው፣ ፈረንጅ ሲያደርገው ብዙ መቶ ክሮነር ከፍለው የሚገቡት። ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ እንደሚያናድደኝ ገና አልወሰንኩም።

ስለ ቀንድም ላንሳ። ቫይኪንጎች ቀንድ ያለው የራስ ቁር አልነበራቸውም። ያንን መልክ ያስለመደን በ1876 ጀርመን፣ ባይሮይት ከተማ ላይ ለቀረበው የሙዚቃ ደራሲው የቫግነር ኦፔራ ልብስ የነደፈው ካርል ኤሚል ዶፕለር ነው። በ1943 ኖርዌይ ውስጥ ጌርሙንድቡ ላይ የተገኘው እውነተኛው የራስ ቁር ቀንድ የሚባል ነገር የለበትም። ቀንዱ ራስ ላይ ሳይሆን እጅ ላይ ነበር፤ ይጠጡበት ነበር። ዘፋኙ ሄግም መድረክ ላይ በቀንድ ይጠጣል፣ ሕዝቡም ቀንዱን ያነሳል። ጎረቤቴም ገዝቷል። በረንዳው ላይ ይዞት አይቼዋለሁ። የሚጠጣበት «ምዮድ» የሚባለውን ነው፤ ማር፣ ውሃ፣ እርሾ። በአጭሩ ጌሾ የሌለው ጠጅ። ጌሾ የሌለው ጠጅ ደግሞ ለእኔ ብርዝ ነው።

አያቴ የቀንድ ዋንጫ ነበረው። ጥቁር፣ አፉ ላይ ብር የተለበጠ። ለእኔ እንደሚያወርሰኝ በምስክር ፊት ተናግሯል። ምስክሮቹ ሞቱ። አክስቴ ዋንጫውን ለአንድ የባህል ምግብ ቤት ሰጠችው። አሁን ከሽንት ቤቱ በር አጠገብ፣ ከጋሻና ከወንፊት መካከል ተሰቅሏል። ባለፈው አዲስ አበባ ስሄድ አየሁት። አስተናጋጁን «የአያቴ ነው» አልኩት። «ፎቶ ማንሳት ይቻላል ጋሼ» አለኝ። አክስቴን ይቅር ብያታለሁ። ማለት ለነፍስ አባቴ እንደዚያ ብያለሁ።

እዚህ ላይ ከቫይኪንጎቹ ጋር እስማማለሁ። በ13ኛው መቶ ዘመን አይስላንድ ውስጥ በብራና የተጻፈ የኦዲን፣ የአማልክቶቻቸው አለቃ፣ ምክር አለ፤ ልጄ ነው ያነበበልኝ። ከብት ይሞታል፣ ዘመድ ይሞታል፣ አንተም ትሞታለህ፤ በደግ ያተረፍከው ስም ግን አይሞትም ይላል። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ማለት አይደለም? ልጄ ይህን ከእነሱ ዘንድ አግኝቶ ለእኔ እንደ አዲስ ነገር ተረጎመልኝ። እኔ ስንት ጊዜ ነግሬው በአንድ ጆሮው አስገብቶ በሌላው አስወጥቶታል። ጊታር አልነበረኝም መሰለኝ።

ስም ካልን ዘንድ የፈረስ ስምም ነበራቸው ማለት ይቻላል፤ ማለት ያለ ፈረሱ። በ10ኛው መቶ ዘመን ዴንማርክን የገዛው ሃራልድ «ሰማያዊ ጥርስ» ይባል ነበር። በእንግሊዝኛ ብሉቱዝ። አዎ፣ ጎረቤቴ ሙዚቃውን ወደ ድምፅ ማጉያው የሚያስተላልፍበት ብሉቱዝ ስሙን ያገኘው ከእሱ ነው። «አባ ዳኘው» ብሎ ስልክ ላይ የሰየመ ግን የለም።

ከምን ተነሳሁ? ከማጣሪያው። ቅዳሜ በስዊድንኛ «ሎርዳግ» ነው፤ ከድሮ ቋንቋቸው የወረደ ሲሆን የመታጠቢያ ቀን ማለት ነው። ቫይኪንጎች ቅዳሜ ቅዳሜ ይታጠቡ ነበር። በየቀኑ ጸጉራቸውን ያበጥራሉ፣ ልብስ ይለዋውጣሉ፣ በዚህም ሚስቶቻችንን ያማልላሉ ብሎ ያማረረ የእንግሊዝ ዜና መዋዕል አለ። ስለዚህ ጎረቤቴ ስለ ንጽሕና ሲቆጣ ከነሙሉ ታሪኩ ነው። ቆጨኝ፤ በዚህ በኩል ላጠቃው አስቤ ነበር።

ይህን እያሰብኩ ሳለ በሩ ተከፈተ። ራሱ ነው። ቅርጫቱ ሙሉ ጥቁር ካናቴራ ይዟል። ጉሮሮዬ ላይ «ዘራፍ» ተዘጋጅታ ነበር።

«ሄይ» አልኩ።

«ሄይ ሄይ» አለ፣ ጣሪያውን እያየ።

ስለ ቀንዱ ልጠይቀው ፈልጌ ነበር። ጌሾ ቤት አለኝ ልለውም ቃጥቶኝ ነበር። ዝናቡ ሊያቆም ነው አልኩት። ሊያቆም ነው አለ። ማጣሪያውን አወጣሁ፣ እሱ እያየ አጸዳሁት፣ ባዘቶውን ኪሴ ከተትኩት። ቆሻሻ መጣያው እግሬ ሥር ነበር።