ሰውነቴ ለመደው?

ኮምቦልቻ የሚኖሩ አንዲት እናት አውቃለሁ። የኤችአይቪ መድኃኒታቸውን የሚወስዱት ግን ደሴ ነው፤ በየወሩ የሐረጎን ዳገት ሽቅብ። ሰፈራቸው ጤና ጣቢያ ጠፍቶ አይደለም፣ ካርድ ክፍሉ ውስጥ የጎረቤት ልጅ ስላለች ነው። ክኒኑን እንደተቀበሉ የፕላስቲክ ዕቃውን እዚያው ይጥሉታል፤ ሲራመዱ ይንኳኳላ! በጨርቅ ቋጥረው ይመለሳሉ። ሰሞኑን የቫይረስ መጠናቸው ከፍ ብሎ ተገኘ። «ሰውነቴ ለመደው መሰለኝ ልጄ» አሉኝ።

ሰውነት ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒትን አይላመድም። የሚላመደው ቫይረሱ ነው፤ እሱም ተምሮ ሳይሆን ተሳስቶ። ኤችአይቪ የጻፈውን መልሶ የማያርም ቁም ጸሐፊ በሉት። መድኃኒት በማይወስድ ሰው ውስጥ በቀን እስከ 10 ቢሊዮን ቫይረስ ይፈጠራል፤ የዘር መልእክቱ ደግሞ 10 ሺህ ፊደል እንኳ አይሞላም። በዚህ ብዛት ላይ ያልተሞከረ የፊደል ግድፈት አይኖርም። አብዛኛው ግድፈት የሚጎዳው ራሱን ቫይረሱን ነው፤ ጥቂቱ ግን መድኃኒቱ የሚይዝበትን ቦታ ያበላሻል።

መድኃኒቱ በደም ውስጥ በቂ ከሆነ ግልበጣው ይቆማል፣ ግድፈትም የለም። ጨርሶ ከሌለ ደግሞ ግድፈት የያዘው ቫይረስ አብዛኛውን ጊዜ በጤነኛው ቫይረስ ይበለጣል። ክፉው መሐሉ ነው፤ ጤነኛውን እየመታ ሌላውን እንዲባዛ የሚለቅ ጎዶሎ መጠን። በ1987 እ.ኤ.አ. የመጣው ዚዶቩዲን ለብቻው እየተሰጠ የከሸፈው በመላመድ ነበር። ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ተጣምሮ የሚሰጠው ኢፋቫይሬንዝም በአንዲት ፊደል ለውጥ ይሸነፋል። ሰው ሁሉንም ባንዴ ሲያቋርጥ ጓደኞቹ ቶሎ ከደም ይጠፋሉ፣ እሱ ግን ለብዙ ቀን ብቻውን ይቆያል። አሁን ያለው ዶሉቴግራቪር እጅግ ጠንካራ ነው። ቢሆንም ማግኒዥየም ወይም አሉሚኒየም ካለበት የጨጓራ መድኃኒት ጋር ከተዋጠ በደንብ ወደ ደም አይገባም፤ ከዚያ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ቆይቶ ነው መወሰድ ያለበት። የጨጓራ ሕመም በበዛበት አገር ይህ በደማቁ ቢጻፍ ምን ነበር?

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ክኒኑን ቤት ጥሎ የሸሸ ነበር። እሱን «ለምን አቋረጥክ?» ብሎ የሚቆጣ አልነበረም፣ ምክንያቱ ይታያላ። የእኚህ እናት ምክንያት ግን ስለማይታይ ጥፋተኛ ናቸው። ቫይረሱ ለተገታለት ሰው የስድስት ወር መድኃኒት ባንዴ የሚሰጥበት አሠራር አለ። እሳቸው ስላልተገታላቸው በየወሩ ይመላለሳሉ። ክትትሉ እንደሚያስፈልግ ይገባኛል፤ ሆኖም መደበቅ የከበደውን ሰው አሥራ ሁለት ጊዜ እያሳዩ «አታቋርጪ» ማለት ለእኔ ምክር አይደለም።

የምክር ክፍሉ ቅጽ ስንት ቀን እንደዘለሉ ይጠይቃል። ክኒኑን የት እንደሚያስቀምጡት ግን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። እኔ ጠየቅኳቸው።

«እንግዳ ማደሪያው ክፍል ነዋ» አሉኝ፣ «በርበሬው ሥር። እንግዳ ከመጣ እስኪሄድ እጠብቃለሁ።»