ማላላቱ ይብቃ ወይስ ይቀጥል?

ወረርሽኙ ሲመጣ ዩኒቨርሲቲዎች በራቸውን ዘጉ። ዴድላይን ተራዘመ፣ ሌክቸር ተቀረጸ፣ ፈተናው ደብተር እያዩ የሚሠሩት ሆነ። በብዙ ቦታ ማርክ ቀርቶ «አለፈ» እና «አላለፈ» ብቻ ተባለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 2023 አስቸኳይ ሁኔታው ማብቃቱን አስታወቀ። ማላላቱ ግን በየትምህርት ክፍሉ እንደተንጠለጠለ ቀርቷል፤ አንዱ መምህር ይሠራበታል፣ ሌላው አይሠራበትም።

ጥያቄያችን ይህ ነው። ለተማሪዎች የአእምሮ ጤና ሲባል የተደረገው ማላላት አሁን ይቅር? «ይቅር» የሚሉት ስታቲስቲክስ የሚያስተምሩ አንጋፋ መምህር ናቸው። «ይቆይ» የሚሉት ደግሞ የተማሪዎች የሥነ ልቦና አማካሪ ናቸው።

መምህሩ፦

እ.ኤ.አ. በ2020 ያደረግነው ትክክል ነበር። እኔም አድርጌዋለሁ። ሰው እየሞተ፣ ቤተሰብ እየታመመ «አሳይመንትህን በሰዓቱ አምጣ» ማለት ጭካኔ ነው። የእኔ ጥያቄ ስለ ዛሬ ነው።

ዛሬ ክፍሌ የሚቀመጡት ልጆች ያኔ ዩኒቨርሲቲ አልገቡም። ትምህርት ቤት ነበሩ። ዩኔስኮ እንዳለው መዘጋቱ በበረታበት ጊዜ ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ተማሪ ከክፍል ውጭ ሆኖ ነበር። እነዚህ ልጆች ከእነዚያ መካከል ናቸው። አልጀብራ እጃቸው ላይ እስኪሟሽ የሚለማመዱበት ዓመት አመለጣቸው። ስለ ፕሮባቢሊቲ ሳስተምር የሚጠፋባቸው ፕሮባቢሊቲው አይደለም፤ ከሥሩ ያለው ነው። ለእንዲህ ያለ ልጅ የሚያስፈልገው ብዙ ልምምድ ነው። እኛ ግን ልምምዱን ቀነስንለት።

አንድ ልጅ ላንሳ። በዚህ ሴሚስተር ሰባት አሳይመንት ሰጥቼ ነበር። የመጀመሪያው ሲደርስ «ትንሽ አልተሻለኝም» አለኝ። አራዘምኩለት። ሁለተኛውም ላይ እንደዚያው። ለካ ሌሎቹ መምህራንም እያራዘሙለት ነው፤ አንዳችን የሌላውን አናውቅም። በፋይናሉ ዋዜማ ሰባቱንም በአንድ ሌሊት ላከ። የመጨረሻው የገባው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ከፍቼ አየሁት። አራተኛው ላይ አማካዩን ለማግኘት ለ12 ማካፈል ሲገባው ለ21 አካፍሏል። አምስተኛው ላይም 21 አለ። ስድስተኛውም ላይ። ቁጥሩ ከሌላ ጥያቄ የመጣ ነው፤ ልጁ የሚጽፈውን አያየውም ነበር። ጠዋት ፈተናው ላይ ሁለት ጥያቄ ሠርቶ ወጣ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ደግ የሆንኩለት መስሎኝ ነበር። የሴሚስተሩን ሸክም በሙሉ በአንድ ሌሊት እንዲሸከም ነው ያደረግኩት።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ በራሱ ላይ ሞክሮ እ.ኤ.አ. በ1885 አሳትሞታል። የተማርነው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ውስጥ ቶሎ ይረሳል። ልምምዱ በየቀኑ ሲከፋፈል ግን ይቆያል። ዴድላይን ተማሪ መቅጫ አይደለም። ልምምዱን በየሳምንቱ የሚያከፋፍል ነው።

ፍርሃትም የራሱ አካሄድ አለው። የፈራነውን ነገር ስንሸሸው እፎይ እንላለን። ያ እፎይታ ለሚቀጥለው ሽሽት ጉልበት ይሆናል። እህቴ፣ ይህን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። የጭንቀት ሕክምናው ራሱ ሰውን ቀስ በቀስ ወደፈራው ነገር ማቅረብ አይደለም እንዴ?

አማካሪዋ፦

ነው፣ መምህር። በደንብ ነው። ግን «ቀስ በቀስ» ብለዋል። ሰው ወደፈራው ነገር የሚቀርበው በትንሽ በትንሹ ነው። አጠገቡም ሰው አለ። ዴድላይን ጠብቆ ኤፍ መስጠት ይህን አያደርግም።

ደግሞ በራስዎ ታሪክ ውስጥ አንድ ነገር አልፈዋል። ልጁ «ትንሽ አልተሻለኝም» ብሎዎታል። ቀን ሰጡት። ምን እንዳልተሻለው ግን ጠየቁት?

ድባቴን ለመለየት በብዙ አገር የሚሠራበት ዘጠኝ ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ። ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል። አንዱ ጥያቄ ስለ እንቅልፍ ነው፤ አንዱ ስለ ድካም፤ አንዱ ሲያነቡ ሐሳብን መሰብሰብ ስለማቃት። በ12 ፋንታ ለ21 ያካፈለ፣ ሦስቴ ደጋግሞም ያላየ ልጅ ምን ሆኖ ይሆን? ከእርስዎ ስሰማ መጀመሪያ የመጣልኝ ስንፍና አይደለም። ተሳስቼ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው መጠየቅ የሚያስፈልገው።

ወረርሽኙ አመጣው የምንለውም ሁሉ ወረርሽኙ ያመጣው አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በሚመራው የዳሰሳ ሥራ በ8 አገሮች በ19 ዩኒቨርሲቲዎች ወደ 14,000 የሚጠጉ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ተጠይቀው ነበር። ውጤቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ስለ ኮቪድ ማንም ሳይሰማ። ከሦስቱ አንዱ ቢያንስ የአንድ የአእምሮ ሕመም ምልክት አሟልቶ ተገኝቷል። ወረርሽኙ በመጣ በመጀመሪያው ዓመት ደግሞ ጭንቀትና ድባቴ በዓለም ላይ በ25 በመቶ መጨመሩን ይኸው ድርጅት አስታውቋል። በአሜሪካ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ትልቅ ጥናት እንደሚለው፣ በሕይወት ዘመን ከሚያጋጥሙ የአእምሮ ሕመሞች ሦስት አራተኛው የሚጀምረው እስከ 24 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ማለትም ብዙው የሚጀምረው እኛ እጅ ላይ ሳሉ ወይም ከዚያ በፊት ነው። ቀድሞም ያልተዘጋጀንበት ነገር ነው ወረርሽኙ የጨመረብን።

እኔም አንዲት ተማሪ ላንሳ። ማንነቷ እንዳይታወቅ ጥቂቱን ብቻ ነው የምናገረው። ቢሮዬ ስትገባ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋችው። ቆይታ ገለበጠችው። ኢሜይሉ ላይ 143 የሚል ቀይ ቁጥር አለ። ከነዚያ ውስጥ አንዱ ከመምህሯ የመጣ ነው፤ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። አልከፈተችውም። «ምን የሚል ይመስልሻል?» አልኳት። «ከኮርሱ ተሰርዘሻል የሚል» አለችኝ። አብረን ከፈትነው። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ካየሁሽ ቆየሁ። ደህና ነሽ? ሐሙስ ቢሮ አለሁ።» ይላል። ሌላ ምንም የለውም። ሦስት ሐሙስ አልፏል።

ይህች ልጅ ዴድላይን ቢጠብቅባት የምትበረታ ይመስልዎታል?

መምህሩ፦

አልጠየቅኩትም። እውነት ነው። ቀን መስጠት ከመጠየቅ ይቀላል። ይህን ስጽፍ ከብዶኛል።

ግን እህቴ፣ ይህ የእኔን ነገር የሚያጠናክር ነው። ማላላቱ ከመጠየቅ ገላገለን። «ይራዘምልህ» ብለን በሩን እንዘጋለን፤ ልጁም ይሄዳል፣ እኛም ሕሊናችን ይረጋጋል። የታመመን ማስታመም አንድ ነገር ነው። ጤነኛውን አልጋ ላይ ማስተኛት ሌላ ነው። እኛ ሁለቱን ሳንለይ ለሁሉም አንድ ዓይነት ብርድ ልብስ አደልን።

ጤነኛውን ማስተኛት ደግሞ ጉዳት አለው። ሉሲ ፎልክስና ጃክ አንድሩስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ መላ ምት አቅርበዋል። ስለ አእምሮ ጤና ብዙ ሲወራ የተደበቀ ሕመም ይወጣል ይላሉ፤ ይህ በጎ ነው። አንዳንዱ ሰው ግን የዕለት ተዕለቱን መጨናነቅ እንደ ሕመም ማየት ይጀምራል። ከዚያ ይሸሻል፣ ሲሸሽ ደግሞ ይብስበታል። መላ ምት ነው። እኔ ግን ከፈተና በፊት ሆድ ሲረበሽ «ታምሜያለሁ» የሚል ተማሪ በየሴሚስተሩ አያለሁ። ከፈተና በፊት የእኔም ሆድ ይረበሽ ነበር። ለሁሉም የሚታደል ነገር ሁሌም አይሠራም። በብሪታንያ ከ8,000 በላይ የትምህርት ቤት ልጆች የተሳተፉበት ሙከራ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ወጥቶ ነበር። ለክፍሉ ሁሉ የተሰጠው የማይንድፉልነስ፣ ማለትም ሐሳብን አሁን ባሉበት ቅጽበት ላይ የማሳረፍ ትምህርት ከተለመደው የተሻለ ለውጥ አላመጣም።

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ፍትሑ ነው። ማራዘሚያ የሚያገኘው ማነው? የሚጠይቀው። ቢሮ መጥቶ ለመናገር ድፍረት ያለው። መናገር የማይችለው፣ ኋላ ወንበር ላይ ዝም የሚለው ልጅ ሥራውን እንደምንም ጨርሶ በሰዓቱ ያስገባና ዝቅ ያለ ማርኩን ይቀበላል። ያቺ 143 ኢሜይል ያላት ልጅ ማራዘሚያ ጠይቃ ነበር? አልጠየቀችም። ኢሜይል መክፈት ያቃተው ሰው እንዴት አድርጎ ይጠይቃል?

አማካሪዋ፦

ይህን ነጥብዎን እወስደዋለሁ። ከተነሱት ሁሉ ጠንካራው ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኛ ደግሞ መድኃኒቱን የምንሰጠው ሮጦ ለመጣ ብቻ ሆኗል።

መልሱ ግን ማላላቱን ማንሳት አይመስለኝም። ሳይለመን የሚገኝ ማድረግ ነው። አሥር ኩዊዝ ካለ የተሻሉት ስምንቱ ይያዙ። ማንም ደብዳቤ አያምጣ፣ ማንም «አልተሻለኝም» ብሎ አይሳቀቅ። የሐኪም ወረቀት ስንጠይቅ ምን እንደሚሆን አስቡት። በድባቴ ከአልጋ መነሳት ያቃተው ልጅ ተሰልፎ ካርድ አውጥቶ፣ ቅጽ ሞልቶ፣ ማህተም አስደርጎ ይመጣል እያልን ነው። ያን ሁሉ መጨረስ የሚችለው ከታመሙት ሁሉ የተሻለው ነው። ዴድላይኑም ይኑር። ግን ሰባት ትልልቅ ሥራ ከሚሆን፣ በየሳምንቱ ሃያ ደቂቃ የሚፈጅ ትንሽ ሥራ ይሁን። ኤቢንግሃውስም ይደሰታል፣ የፈራውም ልጅ ቀስ ብሎ ይቀርባል።

ሐዘን ደግሞ ጨርሶ የተረሳ ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2021 ብቻ ከተለመደው በላይ ወደ 14.9 ሚሊዮን ሰው ሞቷል። እነዚያ ሰዎች ልጆች ነበሯቸው፣ የልጅ ልጆች ነበሯቸው። ብዙዎቹ ልጆች አስታመው፣ ቀብረው፣ አልቅሰው አልወጣላቸውም። በስልክ ሰምተው ኦንላይን ወደሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ገቡ። ያኔ ትምህርት ቤት የነበረ ልጅ ሐዘኑ የሚያገኘው ዛሬ ዶርም ውስጥ ብቻውን ሲሆን ነው። አንድ ወንድ ልጅ «አያቴን አሁን ነው ያጣሁት የሚመስለኝ» ብሎኛል። ስንት ዓመት ሆኖት።

የተቀረጸ ሌክቸርም ይቅር ማለትዎን ከዚህ በፊት ሰምቻለሁ። ተማሪው አልጋው ላይ ሆኖ ያከማቸዋል ይላሉ። አዎ፣ የሚያከማች አለ። ግን ክፍል መገኘት ብቻውን ምን ያስገኛል? እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ሥራ 225 ጥናቶች በአንድ ላይ ተመርምረው ነበር፤ ሁሉም የሳይንስ፣ የምህንድስናና የሒሳብ ኮርሶች ላይ የተሠሩ። ሌክቸር ብቻ የሚሰሙ ተማሪዎች፣ ክፍል ውስጥ እየሠሩና እየተወያዩ ከሚማሩት ይልቅ የመውደቅ ዕድላቸው አንድ ተኩል እጥፍ ነበር። ሁለት ሰዓት ዝም ብሎ ማዳመጥ ከሆነማ፣ ከቪዲዮው ክፍሉ በምን ይሻላል?

መምህሩ፦

ሁለት ሰዓት ነው የማወራው። ልክ ነዎት። ወረርሽኙ ካለፈ ወዲህ ጥያቄ ስጠይቅ ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ጸጥታው ሲከብደኝ ራሴ መልሼ እቀጥላለሁ። ያም የእኔው ሽሽት ነው። በሚቀጥለው ሴሚስተር በየሃያ ደቂቃው አቁሜ ሁለት ሁለት ሆነው አንድ ጥያቄ እንዲሠሩ አደርጋለሁ። ከአሥሩ ስምንቱ የሚለውንም እቀበላለሁ። ቀረጻውን ግን ታሞ ክፍለ ጊዜው ላመለጠው ብቻ ነው የምለቀው። በዚህ አልስማማም። ከሰው ጋር መቀመጥ ራሱ የሚለመድ ነገር ነው፤ እነዚህ ልጆች ያጡትም እሱን ነው።

ያን ሰባቱን በአንድ ሌሊት የላከውን ልጅ ግን ጠራሁት። ይህ ክርክር ከተጀመረ በኋላ ነው። «ማክሰኞ ከሰባቱ ሁለት አሳይመንት ይዘህ ና፣ እዚሁ ጠረጴዛዬ ላይ ቁጭ ብለህ ትሠራለህ» አልኩት። «እሺ» አለ።

አማካሪዋ፦

ማክሰኞ ካልመጣስ?

መምህሩ፦

እደውልለታለሁ።

አማካሪዋ፦

ካላነሳስ?

መምህሩ፦

ለእርስዎ እነግራለሁ። ስሙንና የዶርሙን ቁጥር። ከዚያ ባለፈ ግን ግሬድ የማስገቢያው ቀን ሲደርስ የሠራውን ነው የምመዘግበው። ያልሠራውን ሠርቷል ልል አልችልም። ተከታዩ ኮርስ ላይ የባሰ ነው የሚወድቀው።

አማካሪዋ፦

ሠርቷል አይበሉ። ኢንኮምፕሊት፣ ገና አልተሟላም፣ ይበሉ። ኤፍ ከገባ በኋላ የሚከፈት በር አላየሁም፤ ኢንኮምፕሊት ግን ልጁን ስድስት ሳምንት ያቆይልኛል። በዚህ ነገር አልለቅዎትም፣ መምህር። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ቢሮዬ ነኝ። መጣም ቀረም ይደውሉልኝ።