ኒውግሬንጅን የሠሩት ድሩይዶች አይደሉም

«ኒውግሬንጅን (አየርላንድ ያለውን የጥንት የድንጋይ መቃብር) የሠሩት ድሩይድ የሚባሉት የኬልት ካህናት ናቸው» ያልከው ወንድሜ፣ ይቺ ወሬ አየርላንድን ያየ ሁሉ የሚደጋግማት ናት፤ ግን ልክ አይደለችም። ቦታው የተሠራው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3200 ገደማ ነው። ከግብፁ ታላቅ ፒራሚድ እንኳ ይቀድማል! የሠሩት የቦይን ወንዝ አካባቢ ገበሬዎች ናቸው። ኬልቶች የሚባሉት የጥንት አውሮፓ ሕዝቦች ብቅ ያሉት ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፣ ታዲያ በምን ሂሳብ ነው እነሱ የሚሠሩት?

በኒውግሬንጅ ፎቶዎች ላይ የሚያምረው ነጭ ግድግዳም ድንጋዩ የጥንት ይሁን እንጂ እንደዚያ የተደረደረው ከ1960ዎቹ ቁፋሮ ወዲህ ነው። አርኪዮሎጂስቶች ይጨቃጨቁበታል። እኔን የሚገርመኝ ከበሩ በላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ናት። በፈረንጆቹ ዲሴምበር 21 ሰሞን፣ ሰማዩ ደመና ካልሆነ (አየርላንድ ነውና እንግዲህ!)፣ የማለዳ ፀሐይ በእሷ ገብታ 19 ሜትር የሚሆነውን ጠባብ መተላለፊያ ይዛ እስከ ውስጠኛው ክፍል ትዘልቃለች፣ ለ17 ደቂቃ ያህል። ያንን ለማየት ዕጣ ሊወጣልህ ይገባል። በሌላ ጊዜ አስጎብኚው መብራቱን ያጠፋና የፀሐይዋን አገባብ በአምፖል ያሳይሃል።

በመኪናህ በሩ ድረስ መሄድም የለም፤ ከጎብኚዎች ማዕከሉ ትኬት ቆርጠህ በእነሱ አውቶቡስ ነው። በሐምሌና ነሐሴ ቀድመህ ካልያዝክ ላታገኝ ትችላለህ።