«ጫማዎን ያውልቁ» የሚል ጠፋ

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ሐዋሳ ስለ ስኳር በሽታ በተሰጠ አንድ ትምህርት ላይ ተቀምጬ ነበር። አስተማሪው ባለሙያ፣ የስኳር ሕመምተኛ እግሩን የሚያጣው በገዛ ቸልተኝነቱ ነው ብለው አረፉት። ሰው እግሩ ቆስሎ እንዴት አያውቅም አሉ ደግሞ። አዳራሹ ሳቀ። እኔ ደሜ ፈላ።

እንዴት አያውቅም? እንዲህ ነዋ! አጎቴ ስኳር ካለባቸው 15 ዓመት አልፏቸዋል። አንድ ቀን ጠዋት ጫማቸውን አጥልቀው አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ወረዱ። ዓሣ ገዙ፣ ሐይቁ ዳር ከጓደኞቻቸው ጋር ሲጫወቱ ዋሉ፣ በእግራቸው ተመለሱ። ማታ ካልሲው ሲወልቅ ደም በደም ሆኗል። ጫማውን ስናራግፈው የቢራ ቆርኪ ዱብ አለ። ለካ የልጅ ልጃቸው ሲጫወት ከቶት ኖሯል። ቀኑን ሙሉ ሲረግጡት አንዴ እንኳ አልቆረቆራቸውም።

ይሄ ነው ቸልተኝነት? ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ የእግርን ነርቭ ይጎዳል። ያኔ እግር ቢቆስል እንኳ ሕመሙ ላይሰማ ይችላል። ደሙም ወደ እግር እንደ ልብ ስለማይወርድ ቁስሉ ቶሎ አይድንም። ቸልተኛ ማለት አሞት ዝም ያለ ሰው ነው። ያላመመውን በምን ሒሳብ ነው ቸልተኛ የምንለው? ውሻው ሞቶበት ሌባ የገባበትን ሰው «ጩኸቱን ለምን አልሰማህም?» ይሉታል እንዴ?

ሕመሙ ካልተናገረ ዓይን ነው የሚጠብቀው። ማታ ማታ መብራት ሥር ቁጭ ብሎ ውስጥ እግርን ማየት ነው። ጎንበስ ማለት ያቃተው መስታወት መሬት ላይ ያስቀምጥ፣ ወይ ልጅ ይጥራ። ጫማ ከማጥለቅ በፊት እጅን ከትቶ መዳበስ። ከታጠቡ በኋላ የጣቶችን መሃል ማድረቅ። ቤት ውስጥም በባዶ እግር አለመሄድ። ያ በጨውና በሙቅ ውሃ መዘፍዘፍማ ይቅር፤ የማይሰማ እግር እኮ ይቀቀላል። አጎቴ ዛሬ ይሄን ሁሉ ያደርጋሉ። ማን አስተማራቸው? ቆርኪው!

በ15 ዓመት ክትትል (የት እንደሆነ ይቅር) ጣታቸው ይወጋል፣ ቁጥሩ ይጻፋል፣ መድኃኒት ይታዘዛል፣ በቃ። «ጫማዎን ያውልቁ» ያላቸው የለም። ስኳር ያለበት ሰው እግር ግን ቢያንስ በዓመት 1 ጊዜ መታየት አለበት። ምርመራው 10 ግራም ያህል በሚጫን ናይለን ክር፣ ውስጥ እግርን ነካ እያደረጉ «ይሰማዎታል?» ማለት ነው። ክሩ ከሌለ የእግር ጣቶችን በጣት ጫፍ ነካ ነካ ማድረግም ይረዳል።

ጊዜ የለም ይሉናል። ወረፋው ረጅም መሆኑን አላጣሁትም። ካልሲ ለማስወለቅ ጊዜ ያጣ ሕክምና፣ እግር የሚቆርጥበትን ጊዜ ከየት አመጣው?

በነገራችን ላይ፣ በዚያ ሁሉ ትምህርት መሃል አንድም ጫማ አልወለቀም። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት ኮንጎ ጫማ አድርገው ነበር። ተረከዛቸው ጣት እስኪያስገባ ተሰንጥቋል። ከተናጋሪው ሦስት እርምጃ ቢርቁ ነው።