ኦክስፎርድን በአንድ ቅዳሜ መጨረስ

ትምህርት ዕድሜ ይፈጃል እያሉ ልጅነታችንን ያስፈራሩት ሰዎች እንደዋሹን ያወቅሁት ባለፈው ቅዳሜ ነው። ጠዋት ከለንደን በባቡር ተነሥተን፣ አንድ ሰዓት ያህል ተጉዘን ኦክስፎርድ ገባን፤ ተምረን፣ ተመርቀን፣ ለእራት ቤታችን ደረስን። አራት ነበርን። አራታችንም ጃንጥላ አልያዝንም፤ ጃንጥላ ፎቶ ላይ ፊት ይጋርዳል።

በዚህች ከተማ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1096 ጀምሮ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ከ900 ዓመት በላይ ተምረው አሁንም አልጨረሱም። እኛ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨርሰን ሻይ እንጠጣ ነበር።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የተሰጠው ራድክሊፍ ካሜራ ደጃፍ ላይ ነው። በ1749 ተሠርቶ ያለቀ፣ ክብ፣ ባለ ጉልላት የንባብ ቤት ነው። ጓደኛችን (ከእንግዲህ «ዶክተሩ» እለዋለሁ፤ ምክንያቱ ይመጣል) ስሙን ሲሰማ «ይኸው! ለፎቶ ብለው ነው የሠሩት!» አለ። ካሜራ በላቲን «ክፍል» ማለት መሆኑን ልነግረው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ደስ ብሎት የተረጎመን ሰው ማረም ነውር ነው። ካፊያው ወደ ዶፍ ተለወጠ። ስልኩን በእጅጌያችን እየጠረግን አርባ ያህል ፎቶ አነሣነው፦ አንጋጦ፣ ጉልላቱን ተደግፎ የቆመ መስሎ፣ ባዶ ብብቱን መጽሐፍ የያዘ አስመስሎ፣ በሐሳብ ተውጦ። ተውጦ ያለበት ተመረጠ። በግንባሩ የሚወርደው ውሃ ቁርጥ የጥናት ላብ ነው።

ቀጥሎ ሱቅ ገብቶ የዩኒቨርሲቲው አርማ ያለበት ኮፍያማ ሹራብ ገዛ። የመግቢያ ፈተናው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ልኩ ስንት ነው? ላርጅ ብሎ አለፈ።

እዚያ የሚማሩት ምስኪኖች ለፈተና ሲቀመጡ ጥቁር ጋዋን ለብሰው ደረታቸው ላይ አበባ ይሰካሉ፤ ለመጀመሪያው ነጭ፣ በመካከል ላለው ሮዝ፣ ለመጨረሻው ቀይ። ባችለሩን የያዘ ሰው ማስተርሱን ያለ ሌላ ፈተና ያገኛል፤ ግን ከተመዘገበበት ጀምሮ 21 ተርም፣ ማለትም ሰባት ዓመት መጠበቅ አለበት። ይህን ስነግረው ዶክተሩ ከልቡ አዘነ። «ሰባት ዓመት? ዋይፋይ የላቸውም?»

ቦድሊያን የሚባለው ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ጭራሽ ሰው አያውቅም። በ1602 ተከፍቶ እስከ ዛሬ መጽሐፍ አያውስም፤ በ1645 ንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ ራሱ አውሱኝ ብሎ ተከልክሏል። አንባቢ ሆኖ የሚገባ ሰው እሳት አላስገባም፣ አልለኩስም ብሎ ቃል ይገባል። ለጎብኚ የሚከፈት ክፍል አለው፣ ከዝናቡም ባስጣለን ነበር። ግን መብራቱ ለፎቶ ደብዛዛ ይሆናል ብለን ተውነው።

ሻይ ቤት ተቀምጠን ፎቶው ተለጠፈ። ጽሑፉ አጭር ነው፦ «ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ። ተመስገን!» ውሸት የሚል ካለ ያሳየኝ። ቦታው ኦክስፎርድ ነው፤ ተመስገን ማለትም ክልክል አይደለም። የጎደለውን ሕዝብ ሞላው። «እንኳን ደስ ያለህ!» «የልፋትህን ሰጠህ!» «ዶክ፣ በምን ዘርፍ ነው?» ለዚህኛው የጸሎት እጆች ምልክት ሰጥቶ አለፈ። አንድ ምቀኛ «የመመረቂያ ጽሑፍህን ላክልን» ቢል ታገደ። እኔም ላይክ አደረግሁ፤ ፎቶውን ያነሣሁት እኔ ስለሆንኩ አማካሪው መሆኔ ነው። አገር ቤት ለዚሁ ማዕረግ ሰው ማኅተም ሲያስቀርጽ ስንት ይደክማል!

የጥንቶቹማ አይነሡ። ቆሎ ተማሪ ደበሎ ደርቦ፣ ቁራሽ እየለመነ፣ ከውሻ እየታገለ፣ ለአንድ ቅኔ ቤት ዓመታት ያፈስሳል። ሲጨርስ አንድ ፎቶ እንኳ የለው።

ባቡር ውስጥ ሳለን የዶክተሩ አክስት ከጎንደር ደወሉ። ባለቤታቸው ነፍሳቸውን ይማርና መሪጌታ ነበሩ። ድምፃቸው ለሁላችንም ይሰማል።

«ዶክተር ልጄ! እልል አልሁ! እንግዲህ አንድ ነገር ልጠይቅህ። መሪጌታ ሲያወጉ፣ ያ ያዕቆብ የሚሉት ፈረንጅ መጽሐፈ ሄኖክን ከእኛ ይዞ ሄዶ እዚያው ካለህበት ከተማ አኑሮታል ይሉ ነበር። አየኸው ወይ? ደኅና ነው?»

እውነታቸውን ነው። ያዕቆብ ያሉት የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ገብቶ፣ ሲመለስ ይዟቸው ከሄደው የሄኖክ ቅጂዎች አንዱን ለቦድሊያን ሰጥቷል። በ1821 ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ የታተመውም እዚያው ኦክስፎርድ ነው። ስንት ግድግዳ ተደግፈን ፎቶ ስንነሣ ከየትኛው ጀርባ እንደነበረ እንጃ።

ዶክተሩ እኔን አየ። እኔ መስኮቱን አየሁ፤ አሁንም ይዘንባል። የገዛው ሹራብ ከጉልበቱ ላይ ውሃ ያንጠባጥባል።

«ደኅና ነው አክስቴ» አለ። «በደጁ አልፈናል።»

«እሰይ! ዝናብ እንዳይነካው ብቻ አደራ።»