ለጥምቀት ያልሆነ ምንሽር

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ያለው ሰው ስለ ምንሽር ትንፍሽ አላለም። አጎቴን የቸገራቸውም ይኼው ነው። ለከተራ ከአርማጭሆ ጎንደር ሲገቡ ኩታቸው ነጭ፣ ዱላቸው ቅቤ የጠጣ፣ ትከሻቸው ግን ባዶ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አዋጅ በበዓልና ሕዝብ በተሰበሰበበት ቦታ መሣሪያ ይዞ መገኘትን ይከለክላል። «ቁጥሩ 1177 ነው» ብዬ ላስረዳቸው ብሞክር፣ «እኔ የማውቀው የምንሽሬን ቁጥር ነው» ብለው አፌን ዘጉት።

ለእሳቸው ያለ ጠመንጃ አደባባይ መውጣት ያለ ሱሪ ከመውጣት አይለይም። ያ የለመደ ትከሻ ሸክሙ ሲቀርለት ጊዜ ሚዛኑን ስቶ፣ ከፒያሳ እስከ ፋሲል መዋኛ ወደ አንድ ጎን እንዳዘነበሉ ሄዱ። መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ቤት ደወሉ።

«ከብቱ ደህና? ልጆቹስ? እሱስ?»

«እሱ» ማን እንደሆነ ባለቤታቸው አይጠፋቸውም።

«ራስጌዬ አስተኚው፤ ብርድ እንዳይመታው።»

ፍተሻው ላይ ፖሊሱ ኪሳቸውን ሲዳብስ አንዲት ጥይት አወጣ።

«አባቴ፣ ይቺስ?»

«ልጄ፣ ቤተሰቧ አገር ቤት ነው። እሷ ብቻ ተከትላኝ መጣች።»

ፖሊሱ ሳቁን እየዋጠ ወሰዳት።

ታቦታቱ በእልልታ ሲደርሱ አጎቴ ቆዘሙ። «አንድ እንኳ ሳይተኮስ!» እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ እፎይ ብያለሁ። ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት እዚያው አይጸድቅም፤ ይመለሳል። ሲመለስ ደግሞ ዛፉ ላይ የተንጠለጠለውን ጎረምሳና ከታች የምታጨበጭበውን እናት አይለይም። ይኼን ስነግራቸው «የእኔ ጥይት ጨዋ ነው» አሉኝ።

ይኼኔ አንዱ ጎረምሳ ለወደዳት ልጅ የወረወረው ሎሚ ስቶ የአጎቴን ደረት ጧ አደረገው። እጃቸው በልማድ ወደ ትከሻቸው ሮጠ፤ ኩታ ጨብጦ ተመለሰ።

«ከየት በኩል ነው የተተኮሰው?»

ልጅቷ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትንፈቀፈቃለች። አጎቴ ሎሚውን አነሡ፣ አሸት አሸት አድርገው አሸተቱት፣ ጥይቷ በወጣችበት ኪስ ከተቱት።

«ለባለቤትዎ ነው?» አልኳቸው።

«ለእሱ ነው እንጂ! ዝገት ሲያስቸግረው ሎሚ ይስማማዋል።»