ቤት የዋለ ሰው ሰዓት

ከቤቱ ሆኖ በግሉ የሚሠራ ሰው «ጊዜህ የራስህ ነው» ሲባል ይውላል። እኔ እንደታዘብኩት ግን የዚህን ሰው ጊዜ ያህል ባለቤት የበዛበት ጊዜ የለም። ደንበኛው ይፈልገዋል፤ ቤተሰቡ፣ ጎረቤቱና ዘመዱም ይፈልጉታል። ቢሮ የሚውለውን ሰው መሥሪያ ቤቱ ከዘመድም ከጎረቤትም ይከልለዋል፤ ቤት የሚውለው እንዲህ ያለ ከለላ የለውም። በምኖርበት በዋሽንግተን ዙሪያም ሆነ አዲስ አበባ በሄድኩ ቁጥር ያየሁት ይህንኑ ነው። የሚለያየው ጊዜውን የሚሻማው ወገን ብቻ ነው።

እዚህ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ በስልክ ማስተርጎም የብዙ አበሻ እንጀራ ሆኗል። የዋሽንግተን ዲሲ አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ የማይችለውን ባለጉዳይ በሚገባው ቋንቋ እንዲያስተናግዱ ያስገድዳል፤ ከእነዚያ ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ሆስፒታሎችና ትምህርት ቤቶችም ከየግዛቱ ይደውላሉ። አስተርጓሚው ተቀጣሪ ሳይሆን በውል የሚሠራ ነው፤ በብዙዎቹ ውሎች የሚከፈለውም በተናገረበት ደቂቃ ልክ ነው። ስልኩ እስኪጮህ የተቀመጠበት ጊዜ አይታሰብለትም። የዚህ ሥራ ክፉ ጎኑ እዚህ ላይ ነው፤ ሰው ሙሉ ቀን ቤቱ ታስሮ ውሎ የሁለት ሰዓት ደመወዝ ብቻ ሊያገኝ ይችላል።

አንዲት የማውቃት የሲልቨር ስፕሪንግ እናት ይህን ሥራ ስትሠራ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ጠረጴዛዋን ያኖረችው መኝታ ቤት ውስጥ፣ የልብስ ቁም ሳጥኑ አጠገብ ነው፤ የተሰቀለው ልብስ ድምፅ ስለሚውጥላት። ስልኩ ሲጠራ ምን እንደሚመጣ አታውቅም። አንዱ የስኳር መድኃኒት አወሳሰድ ነው፤ ቀጣዩ ድንገተኛ ክፍል የገባ፣ ደረቱን ይዞ የሚያቃስት አዛውንት። መድኃኒቱን፣ መጠኑን፣ ቀኑን በፍጥነት ማስታወሻዋ ላይ ታሰፍራለች፤ ጥሪው ሲያበቃ ወረቀቱን ትቆራርጠዋለች፤ የታካሚን ምስጢር የሚጠብቀው እ.ኤ.አ. የ1996 የአሜሪካ ሕግ የሚያስቀልድ አይደለም። በዚያ መሐል «አንድ ጊዜ ልጄን በር ልክፈትለት» ማለት አይቻልም። ስለዚህ በሩ ላይ ቀይና አረንጓዴ ካርቶን ሰቅላለች። ማንበብ ያልጀመረው ትንሹ ልጇ እንኳን ቀዩን ሲያይ ጫማውን አውልቆ በጣቶቹ ጫፍ ያልፋል።

ይህች ሴት ሰዓቷን ያስተካከለችው በግምት አልነበረም። ጥሪ የሚበዛበትንና የሚጠፋበትን ሰዓት ለወራት ስትጽፍ ከረመች። ሰኞ ጠዋት ክሊኒኮች ይጨናነቃሉ፤ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጭር ይላል። እዚህ ከመሸ በኋላ ደግሞ ካሊፎርኒያ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ የዚያ ክሊኒኮች ገና አልተዘጉም። እንግዲህ ጠዋት ትሠራለች፤ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ሊደርስ ሲል ጥሪ ከሚያስተላልፍላት ሲስተም ትወጣለች፤ ልጆቹ እራት በልተው አባታቸው ሲረከባቸው ለካሊፎርኒያ ትመለሳለች። መሐል ያለው ጊዜ የልጆቿ ነው፤ ለማንም አትሰጠውም።

አሜሪካኖቹ ይህን ያከብሩላታል። ሳይደውል በሯን የሚያንኳኳ ጎረቤት የለም፤ ሐኪም ቤቱም ከሲስተሙ ስትወጣ ሌላ አስተርጓሚ ይፈልጋል። የሚያስቸግራት የራሷ ወገን ነው። «ቤት ስለሆንሽ ነው የደወልኩልሽ» የሚለው ሰው ብዛቱ አያድርስ። አንዱን ከደለስ አየር ማረፊያ ተቀበይልን ትባላለች፤ ለሌላው ቅጽ ትሞላለች፤ የሌላዋን እናት ለዓይን ሐኪም ታደርሳለች። ሆስፒታል የሚሠራው ወንድሟ መኪናውም ጊዜውም እያለው አንድ ሰው ጠይቆት አያውቅም። ለምን? እሱ «ሥራ ላይ ነው»። የእሷን የጠዋት ሰዓት መውሰድ ከቦርሳዋ ገንዘብ ከማውጣት አይለይም፤ ይህን የሚያደርጉት ደግሞ ክፉዎች ሳይሆኑ የሚወዷት ሰዎች ናቸው። ቀጣሪ ስለሌላት ከክፍያዋ ላይ ግብር ቆርጦ የሚያስቀምጥላትም የለም። ለማኅበራዊ ዋስትናና ለሜዲኬር (ለአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን) የሚሄደውን 15.3 በመቶ ጨምሮ ግብሯን በአራት ዙር፣ ኤፕሪል፣ ጁን፣ ሴፕቴምበርና ጃንዋሪ አጋማሽ ላይ፣ ራሷ አስልታ ትከፍላለች። የዓመት ፈቃድ የሚባል ነገር የላትም። አንድ ጠዋት ሲወሰድባት የሚተካላት ማንም የለም።

አዲስ አበባ ያለው የእህቴ ልጅ ደግሞ ጀሞ ከእናቱ ጋር እየኖረ ለአሜሪካ ደንበኞች ቪዲዮ ያቀናብራል። የእሱን ቀን የምትመራው ፀሐይ ሳትሆን ኒው ዮርክ ናት። በክረምታቸው ወራት እዚያ ቢሮ ሲከፈት ጀሞ 11 ሰዓት ይሆናል፤ ቢሮው ሲዘጋ ሌሊት 7 ሰዓት። መጋቢት ላይ አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን ወደ ፊት ሲያዞሩ ሁሉም በአንድ ሰዓት ይቀድማል። እኛ አገር ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ተቀራራቢ ስለሆነ ሰዓት መቀየር የሚባለው ነገር ለእናቱ ሊገባት አልቻለም። ካሊፎርኒያ ደንበኛ ሲያገኝማ ዶሮ ሲጮህ ነው የሚተኛው።

የሌሊት ሠራተኛ ጠዋት ይተኛል። ጎረቤት የሚያየው ግን ጎረምሳ እስከ አምስት ሰዓት መጋረጃ ዘግቶ መተኛቱን ነው። «ልጁ ምን ሆኖ ነው?» ይባላል። ሥራ ፈትቷል የሚለው ወሬ ከሰፈሩ አልፎ እኔ ጋ ባሕር ተሻግሮ ደርሷል። ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት ደግሞ ድንኳን ለመትከል መጀመሪያ የሚቀሰቀሰው እሱ ነው፤ ቤት ያለ ወጣት ነዋ። እድርን አልነካም። ሰው በሞተበት ቀን ሳይጠሩት የሚደርስ ሰፈር ምን ያህል ሀብት እንደሆነ አሜሪካ የኖረ ሰው ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ሌሊት 9 ሰዓት የተኛን ልጅ ንጋት ላይ ቀስቅሶ ለቀን ሙሉ ማሰለፍ ማታ የሚያስረክበውን ሥራ ያበላሽበታል።

የልጁ ነገር የተስተካከለው እናቱ ቡና ላይ ለጎረቤቶቿ በግልጽ በነገረች ጊዜ ነው። ልጄ ከ11 ሰዓት እስከ ሌሊት 7 ሥራ ላይ ነው፤ እስከ 5 ሰዓት ይተኛል፤ ከዚያ በኋላ ለሁላችሁም ይደርሳል አለቻቸው። ለእድሩ ሰብሳቢም ይኸው ተነገረ። ያ ሁሉ ሐሜት በአንድ ቡና በረደ። ሐኪም ቤት የሚያድር ነርስ፣ ፋብሪካ የሚያድር ሠራተኛ በየሰፈሩ አለ፤ ሰው ሰዓት ከተነገረው ያከብራል። አሁን ድንኳን የሚነቀልበት ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው፤ ማታ ደግሞ እናቱ እራቱን ሸፍና ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥለታለች። ይህን የሲልቨር ስፕሪንጓ ሴት ምንም ያህል ብትከፍል አታገኘውም።

የእሱ ከባዱ ፈተና ሌላ ነው። መብራት ሲጠፋ ራውተሩን የሚያቆይ ባትሪ ገዝቷል፤ ስልኩን ሁልጊዜ ሞልቶ ያድራል። በሰኔ 2012 መጨረሻ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ሲቋረጥ ግን ባትሪም ምንም አላዳነውም፤ ያኔ የነበሩት ደንበኞች ሌላ ሰው ፈልገው ሄዱ። ሦስት ሳምንት ድምፁ የጠፋን ሰው ማን ይጠብቃል? ከዚያ ወዲህ የዓርብን ሥራ ረቡዕ ጨርሶ መላክ ልማዱ ሆነ። ሌሎች «ነጻ ሰዓት» የሚሉትን እሱ መጠባበቂያ አድርጎ ያስቀምጠዋል።

ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ አዲስ ፈተና መጣ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ። በዶላር የሚከፈለው ሰው በአንድ ጊዜ እጥፍ አገኘ፤ አብሮም እንቅልፉ ተወደደበት። ሁለት ሰዓት ቢተኛ ያጣውን ብር ያሰላል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም ይላል፤ አዋጁ ግን በራሱ ኃላፊነት ለሚሠራ ሰው አይደርስም። እናም የልጁን ዓይን በቪዲዮ ሳየው እቆጣለሁ። ሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለ ልጅ ዓይኑ እንዲህ መቅላት የለበትም። እሑድን በሙሉ እንዲዘጋ ለምኜ፣ ቅዳሴ ከእናቱ ጋር እሄዳለሁ ብሎ ቃል ገብቶልኛል፤ እስካሁንም ጠብቆታል።

ከሁሉም የከበደው ግን አዲስ አበባ ያሉት ሴቶች ነገር ነው። ለወንዱ ሰዓት ሲነገርለት ሰፈሩ ሰማ። አንዲት የሰነድ ተርጓሚ የሆነች ወዳጄ ያንኑ ሰዓት ደጋግማ ተናግራለች፣ የሰማት አልነበረም። ልጅ የታመመ እንደሆነ እሷ ናት፤ የውኃ ተራ የመጣ እንደሆነ እሷ ናት፤ የባሏ ዘመዶች ከክፍለ አገር ሲመጡ ምሳ የምታቀርበው እሷ፤ የጋዝ ሲሊንደር የሚቀበለው ሰው እንኳን እሷ ነበረች። ሥራዋን የምትጀምረው ሁሉም ሲተኛ ነው። ባሏ ደግ ሰው ነው፤ ግን ቤት እስካለች ድረስ ሥራ ላይ መሆኗ አይታየውም ነበር። እዚህ አሜሪካም ባል ታክሲ ነድቶ ሲመለስ «አንቺማ ቤት ነሽ» የሚባልባቸው ቤቶች አሉ፤ ስለዚህ ይህን በአዲስ አበባ ብቻ አላሳብብም።

ወዳጄ በመጨረሻ ቦሌ አካባቢ አንድ ጠረጴዛ በወር ተከራየች። ኮምፒውተሩ ያው፣ ደንበኞቹ ያው፣ ሥራውም ያው ነው። ጠዋት ቦርሳዋን ይዛ ከግቢ ስትወጣ ስለታየች ብቻ በቀን የሚደውልላት ዘመድ ጠፋ። ባሏ ልጁን ከመዋዕለ ሕፃናት ራሱ ሄዶ ማምጣት የጀመረውም ከዚያ በኋላ ነው።